የመቅደላው ንጉሥና የዕብደት ስያሜ፦ የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ከስኪዞፍሬንያ መለኪያዎች አንጻር

አጠቃሎ

ዐፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻዎቹ የንግሥና ዓመታት አእምሯቸው ታውኮ ነበር የሚለው አባባል በጽሑፍም በቃልም ሲነገር ኖሯል። ይህ አጭር ጥናት የንጉሡን ሕይወት ከየጁ ጋብቻቸው እስከ መቅደላ ፍጻሜያቸው ይከተላል። የተነገረላቸው የጠባይ ለውጥ ስኪዞፍሬንያ ለተባለው የአእምሮ ሕመም ከተቀመጡት መለኪያዎች ጋር ይገጥም እንደሆነም ይመረምራል። የሚደርስበት መደምደሚያ አይገጥምም የሚል ነው። ከዚህ በተጨማሪ ስያሜው ሁለት ወገኖችን እንደሚጎዳ ያሳያል፦ በወሎ የተፈጸመውን በደል ባለቤት ያሳጣል፤ ሕመሙ ያለባቸውን ሰዎችም ከጭካኔ ጋር ያቆራኛል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ተዋበች ዓሊ፣ የጁ፣ መቅደላ፣ ስኪዞፍሬንያ፣ የኋልዮሽ ምርመራ

1. መግቢያ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ውጫሌን ካለፈ በኋላ ውርጌሳንና መርሳን አቋርጦ ይዘልቃል። ዛሬ የሰሜን ወሎ ዞን አካል የሆነው ይህ አካባቢ በታሪክ የየጁ አገር ተብሎ ይታወቃል። በዘመነ መሳፍንት ከዚህ አገር የወጣው የየጁ ቤት ከታላቁ ራስ ዓሊ እስከ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም ሥልጣኑን ይዞ ኖሯል። የዳግማዊ ራስ ዓሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች የዚሁ ቤት ተወላጅ ነበሩ። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉ የመጀመሪያ ሚስት አድርገው ያገቧቸውም እርሳቸውን ነው።

ስለ ንጉሡ የአእምሮ ሁኔታ የሚነገረው ትረካ ዘወትር የሚነሣው ከዚህች ሴት ሞት ነው። ተዋበች በሕይወት ሳሉ ንጉሡ ደግ፣ ፍትሐዊና ትዕግሥተኛ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኑ ይባላል። ትረካው ውብና ለማስታወስ ቀላል ነው። ሆኖም የአንድን ሰው ሕይወት በሁለት ከፍሎ ሁለተኛውን ክፍል በሕመም ስም መጥራት የሕክምና ፍርድ በመሆኑ በሕክምና ዕውቀት ሊፈተሽ ይገባዋል። ጥያቄው በየጁና በወሎ የተለየ ክብደት አለው። የንጉሡ በትር እጅግ ከጠናባቸው አገሮች አንዱ ወሎ ነውና።

2. ከቋራ እስከ ደረስጌ

ካሳ ኃይሉ በቋራ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አባታቸውን በልጅነታቸው አጡ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወድቀው ስለነበር፣ ኮሶ ሻጭ ናቸው የሚለው ስድብ ልጁ ካደገ በኋላም አልተወውም። ለትምህርት የገቡበት ገዳም በወረራ ሲጠቃ አብረዋቸው ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ ሲጎዱ እርሳቸው አምልጠዋል። በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት ካደጉ በኋላ በቆላው አገር ሸፈቱ፤ የሽፍትነት ዝናቸውም ከፍ እያለ ሄደ።

የየጁ ቤት ይህን አመፀኛ በጋብቻ ሊያስረው ፈለገ። በ1840 ዓ.ም. አካባቢ የተፈጸመው የካሳና የተዋበች ጋብቻ የፖለቲካ ጋብቻ ነበር። ይሁን እንጂ የዘመኑ ጽሑፎችና የቃል ትውፊት እንደሚመሰክሩት ባልና ሚስቱ እጅግ ተዋደዱ። ተዋበችም ከአባታቸውና ከአያታቸው ከእቴጌ መነን ይልቅ ከባላቸው ጎን ቆሙ። በዚያው ወቅት ካሳ በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው በመድፍ ተሸነፉ። ይህ ሽንፈት ለመድፍና ለሠለጠነ ሠራዊት የነበራቸውን የዕድሜ ልክ ጉጉት እንደቀረጸው የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ድል ፈጣን ነው። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አይሻል ላይ አማታቸውን ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። ራስ ዓሊ ወደ የጁ ሸሹ፤ ዘመነ መሳፍንትም በዚሁ አበቃ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

የንግሥና ስሙ በራሱ ለኋለኛው ክርክር አንድ መነሻ ነው። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ ተነሥቶ ፍትሕንና ሰላምን ያመጣል የሚለው ትንቢት በፍካሬ ኢየሱስ ምክንያት በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ነበር። ካሳ ያ ንጉሥ እኔ ነኝ ብለው ማመናቸው ለባዕድ ሰው የታላቅነት ቅዠት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ካህናቱ፣ ወታደሩና ገበሬው የሚጠብቁት ተስፋ ነበር።

3. የተዋበች ሞትና የመንግሥቱ መናጋት

እቴጌ ተዋበች በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ዐረፉ። የንጉሡ ሐዘን ብርቱ እንደነበረ ወዳጅም ጠላትም ጽፏል። ሐዘኑ ግን ብቻውን አልመጣም። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በአማፅያን እጅ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት የንጉሡ ታማኝ ወዳጅ ጆን ቤል በጦር ሜዳ ወደቀ። በዚህ መካከል ንጉሡ የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። አባቷን ያሰረ ንጉሥ ያገባት ሴት በመሆኗ ይህ ትዳር የመጀመሪያውን ሊተካ አልቻለም። ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው ግን ከእርሷ ነው።

የመንግሥቱ መሠረት መናጋት የጀመረው ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ነበር። ንጉሡ በእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ብቻ እንዲሆኑ፣ ትርፉ መሬትም ለግብር ከፋይ እንዲሰጥ በመፈለጋቸው ከካህናቱ ጋር ተቃርነዋል። የየአገሩ ባላባት ሹመቱን ሲነጠቅ ሸፍቷል። በትግራይ አገው ንጉሤ፣ በጎጃም ተድላ ጓሉ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ ኋላም በሸዋ ምኒልክ ተነሥተዋል። በአንዱ አገር ሲዘምቱ ሌላው ይነሣ ነበርና ንጉሡ የዘመናቸውን አብዛኛውን ክፍል በድንኳን አሳለፉ።

የውጭ ግንኙነቱም እንዲሁ አልሰመረም። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ዝምታውን እንደ ንቀት የቆጠሩት ንጉሥ በ1856 ዓ.ም. ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። ሊያስፈታ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም ከሐኪሙ ከሄንሪ ብላንክና ከሌተናንት ፕሪዶ ጋር ራሱ እስረኛ ሆነ።

4. ወሎና መቅደላ

ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በወራት ውስጥ ወደ ወሎ ዘምተው በመስከረም 1848 ዓ.ም. መቅደላን ያዙ። አምባዋን ግምጃ ቤትም ወኅኒ ቤትም አደረጓት። ይህ ቀን ለዚህ ጥናት ወሳኝ ነው። የወሎ ዘመቻ የተጀመረው ተዋበች ከመሞታቸው 3 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነበርና፣ በወሎ የደረሰውን ሁሉ በሐዘን ምክንያት ከመጣ የአእምሮ መታወክ ጋር ማያያዝ ከዘመን ቅደም ተከተሉ ጋር ይጋጫል።

ወሎ በአንድ ዘመቻ አልተገዛም። በየዓመቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አገሩ ተዘርፏል፤ ማሳው ተቃጥሏል፤ እጅና እግር መቁረጥም እንደ ቅጣት ተሠርቶበታል። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት በኩል ወደ ሸዋ ባለፉ ጊዜ፣ ንጉሡ በአምባው ላይ መያዣ ሆኖ የነበረውን የወርቂትን ልጅና ሌሎች የወሎ መያዣዎችን በጭካኔ አስገደሉ። ድርጊቱ እጅግ አሰቃቂ ነው። ሆኖም ዓላማ ነበረው፤ መያዣ የሚያዘው ከዳተኛን ለማስፈራት እንደመሆኑ፣ ግድያው የዘመኑን የመያዣ ሥርዓት እስከ ጫፍ የወሰደ የበቀል እርምጃ ነበር።

በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። ሠራዊቱ እየከዳ በመሄዱ በአንድ ወቅት በብዙ አሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ጦር ወደ 10,000 አካባቢ ወረደ። በመጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው በጋፋት የተሠሩትን መድፎች ይዘው ወደ መቅደላ ተጓዙ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ገደል እየተናደለትና መንገድ እየተጠረገለት ለወራት ተጎተተ፤ ንጉሡም ከሠራተኞቹ ጋር ድንጋይ ሲፈነቅሉ ታይተዋል።

ጸሎተ ሐሙስ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ተገድለው ከእስላምጌ ገደል ተወረወሩ። በማግሥቱ፣ በስቅለት ዕለት፣ የአሮጌ ጦርነት ሆነ። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል የንጉሡ ሰዎች ወደቁ። በእነዚያ ቀናት ንጉሡ ራሳቸውን ሊያጠፉ ሞክረው ሹማምንቶቻቸው እንዳስጣሏቸው ይተረካል። ለጄኔራል ናፒየርም ቍጣና ምሬት የተቀላቀለበት ደብዳቤ አስጻፉ። ቀጥለው ስለ ፊተኛው ይቅርታ የሚጠይቅ ሌላ ደብዳቤ ላኩ፤ ለፋሲካ የሚሆን 1,000 ላምና 500 በግ እንደሚሰጡም አስታወቁ፤ አውሮፓውያን እስረኞችንም ለቀቁ። እጅ መስጠትን ግን አልተቀበሉም። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ንጉሡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ባገኙት ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ።

5. የስኪዞፍሬንያ ምንነትና መንሥኤ

ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም የሰጠው የስዊስ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1908፣ ማለትም ቴዎድሮስ ከሞቱ 40 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ብላንክ በመቅደላ እስር ቤት ሆኖ ንጉሡን ሲያስተውል የሚያውቀው የዕብደት ትምህርት ከዛሬው የተለየ ነበር።

በዛሬው ሕክምና ሕመሙ የሚለየው በተያያዙ ምልክቶች ነው። የመጀመሪያዎቹ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ወይም የማያየውን ማየት፣ በማስረጃ የማይናወጥና በኅብረተሰቡ ዘንድ የሌለ የተሳሳተ እምነት፣ እንዲሁም የሐሳብና የንግግር መዘበራረቅ ናቸው። ከእነዚህ ጋር የፍላጎት መጥፋት፣ የስሜት መደብዘዝና ከሰው መራቅ ይታያሉ። አንድ የቍጣ ቀን ወይም አንድ የሐዘን ወር ለምርመራው አይበቃም። በስፋት ከሚሠራባቸው ሁለት መለኪያዎች አንዱ ምልክቶቹ ቢያንስ ለ1 ወር እንዲቆዩ ሲጠይቅ፣ ሌላው የሕመሙ ጠቅላላ ጊዜ ቢያንስ 6 ወር እንዲሆን ይጠይቃል። ሰውየው በሥራና በኑሮ ላይ የነበረው አቅምም ጉልህ ቅናሽ ማሳየት አለበት። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው።

መንሥኤው አንድ አይደለም። የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ አለው። ይሁንና ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ መንትዮች አንዱ ቢታመም የሌላው የመታመም ዕድል ከግማሽ ብዙ አያልፍም። ቀሪውን ድርሻ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፣ የልጅነት መከራ፣ እንደ ካናቢስ ያሉ ዕፆችና ከፍተኛ ማኅበራዊ ጫና ይጋሩታል። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር አሠራር መዛባትም ከምልክቶቹ ጋር ይያያዛል፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚሁ በኩል ነው። ብርቱ ሐዘን ቀድሞ በተጋለጠ ሰው ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሐዘን ብቻውን ግን ስኪዞፍሬንያን አይፈጥርም።

6. ታሪኩ በመለኪያው ሲመዘን

የመጀመሪያው ነጥብ ዕድሜ ነው። ለውጡ ተጀመረ የሚባለው ንጉሡ 40 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ስኪዞፍሬንያ በዚህ ዕድሜ መጀመሩ ፈጽሞ የማይሆን ባይሆንም የተለመደ አይደለም።

ሁለተኛው የምልክቶቹ ዓይነት ነው። የታወቁት ምንጮች ስለ ቍጣ፣ ስለ ጸጸት፣ ስለ ጥርጣሬና በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስለ መጠጥ ይተርካሉ እንጂ ንጉሡ የሌለ ድምፅ ይሰሙ እንደነበር አይመሰክሩም። የትንቢቱ እምነት ኅብረተሰቡ የሚጋራው በመሆኑ የሕመም ምልክት ሊባል አይችልም። ጥርጣሬውም ቢሆን መሬት የረገጠ ነበር። በየአቅጣጫው በእርግጥ የሸፈቱበት፣ ሠራዊቱ በእርግጥ የከዳው፣ ደብዳቤው በእርግጥ መልስ ያጣ ንጉሥ ጠላት በዝቶብኛል ቢል የሚናገረው የሆነውን ነው።

ሦስተኛው የሐሳብ ሥርዓት ነው። 7 ቶን የሚመዝን መድፍ በዚያ ተራራማ አገር ከደብረ ታቦር መቅደላ ማድረስ የመንገድ ቅየሳን፣ የስንቅ ስሌትንና የብዙ ሺህ ሰው ሥምሪትን ይጠይቃል። ይህን በሞታቸው ዋዜማ የፈጸሙት ሰው ሐሳባቸው የተዘበራረቀ፣ ፍላጎታቸውም የሞተ ነበር ማለት ያስቸግራል። ከአሮጌ በኋላ የተላኩት ሁለት ደብዳቤዎችም የስሜት መለዋወጥን ቢያሳዩም የሐሳብ መበታተንን አያሳዩም።

እርግጥ ነው፣ ከቍጣ ወደ ጸጸት የሚደረገው ፈጣን ለውጥ፣ መጠጡና ራስን ማጥፋቱ ሌሎች ጥያቄዎችን ይጋብዛሉ። ድባቴ፣ የስሜት መዋዠቅ ወይም ከልጅነት ጀምሮ የተከማቸ የመከራ ጠባሳ ሊታሰቡ ይችላሉ። እነዚህን ግን ለይቶ ለመበየን ከሕመምተኛው ጋር መነጋገርና ከቅርብ ቤተሰብ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ዛሬ አይቻልም። ያሉት ምስክሮችም ከጥቅም የጸዱ አይደሉም። ለንጉሡ የሚያደላው የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል የሚሸፍነው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነው። የኋለኛውን ዘመን የሚተርኩት አለቃ ወልደ ማርያም በመቅደላ ታስረው ለሞቱት ለአቡነ ሰላማ የሚያደሉ ናቸው። አውሮፓውያኑ ደግሞ እስረኞች ነበሩ። ስለዚህ ደጉ ዘመን በወዳጅ፣ ክፉው ዘመን በተበዳይ ብዕር ተጽፏል። ሕይወቱ በሁለት የተከፈለ መስሎ እንዲታይ ይህም አስተዋጽኦ አድርጓል።

7. ስያሜው በዛሬ ላይ ያለው ትርጉም

ዕብደት የሚለው ስያሜ ለንጉሡ ወዳጆች መሸሸጊያ ሆኗል። ያ ሁሉ ግፍ የሕመም ሥራ ከሆነ የጀግናው ስም ሳይጎድፍ ይቀራል። ነገር ግን የወሎ መያዣዎችና የእስላምጌ እስረኞች ሞት በደለኛ የሌለው አደጋ ይሆናል ማለት ነው። ንጉሡ በትልቅ ዓላማ የተነሡ፣ ዓላማው ሲከሽፍ በጭካኔ የገፉበት፣ የሚያደርጉትን የሚያውቁ ገዥ ነበሩ ማለት ለታሪክም ለሟቾችም የቀረበ አገላለጽ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በሕያዋን ላይ የሚደርስ ነው። አሰቃቂ ድርጊት ሁሉ ዕብደት ከተባለ፣ በሕመሙ የተያዘ ሁሉ አሰቃቂ ድርጊት ይጠበቅበታል። እውነታው ግን ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች በማንም ላይ ጥቃት አይፈጽሙም። ይልቁንም ጥቃት፣ ረኀብና መገለል የሚደርስባቸው እነርሱ ናቸው። በቡታጅራና አካባቢው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎች ላይ በተደረገው የቤት ለቤት ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ሕመሙ እንደያዛቸው ታውቋል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ቀድሞ ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም ነበር። ፍርሃት ሰንሰለትን ይወልዳል። አመፀኛ ይሆናል ተብሎ በጓዳ የሚታሰር ሰው ወደ ጤና ተቋም ሳይደርስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ደግሞ ማገገሙ ይከብዳል።

ከሕመሙ ጋር መኖር የሚቻል ነው። በየቀኑ የሚዋጥ ወይም በየወሩ የሚወጋ መድኃኒት ድምፆቹን ያደበዝዛል። መድኃኒቱን ያለሐኪም ምክር ማቋረጥ ግርሻን ያመጣል። ጸበልና መድኃኒት አንዱ ሌላውን ሳያስቀር ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሕመምተኛው ወደ እርሻው፣ ወደ ሥራውና ወደ ማኅበሩ መመለሱ ይረዳዋል። ይህም የሚሆነው ጎረቤት ሳይፈራው ሲቀር ነው።

8. ማጠቃለያ

የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት በሚታወቁት ምንጮች ሲመዘን ስኪዞፍሬንያን አያሳይም። የሚያሳየው አባት አልባነትን፣ ትልቅ ሕልምን፣ ሐዘንን፣ ክሕደትን፣ መገለልንና ወሰን የሌለውን ሥልጣን በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ነው። የየጁዋ ተዋበች ሞት ለንጉሡ ትልቅ ስብራት ነበር። መንግሥቱን ያፈረሰው ግን የእርሳቸው ሞት አልነበረም፤ የወሎ ሰቆቃም ከዚያ ቀድሞ ተጀምሯል። በታሪክ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሕክምናን ቃል ሲዋሱ መለኪያውንም አብረው ሊዋሱ ይገባል። መለኪያው የቀረ ቃል የሞተውን ንጉሥ ከጥያቄ ያሳርፈው ይሆናል፤ በሐብሩም ሆነ በሌላ ወረዳ በጓዳ የታሰረውን ሕመምተኛ ግን ሰንሰለቱን ያጠብቅበታል።